ቦይለር የሌለው ቤት

ነበልባል በሕይወቱ ብዙ ነገር ፈርቷል፤ ሙቀትን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራው በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ አዲሱ ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ከአልጋው ወርዶ በባዶ እግሩ ወለሉን ረገጠና ክው ብሎ ቆመ። ወለሉ አልቀዘቀዘም። ግድግዳውን ዳበሰ፤ ግድግዳውም አልቀዘቀዘም። ውጭ መንገድ ላይ ያቆረው ውሃ በረዶ ሠርቷል፣ መንገደኛው አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ ይሮጣል፤ እሱ ግን በካናቴራ ቆሞ ብርድ የሚባል ነገር አልነካውም። ማነው ያነደደው? የትስ ነው የሚነደው? ይህ ጥያቄ አንድ ወር ሙሉ ሰላም ነሳው።

ነበልባል የተባለው በቁጣው እንዳይመስላችሁ። ከሰው ጋር ተጣልቶ የማያውቅ፣ ሲያወራ እንኳ ጆሮ ካልሰጡት የማይሰማ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታሉን ቦይለር ያነደደው እሱ ነበር። ጓሮ በኩል፣ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ግድግዳ በሚጋራ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንጨትና ከሰል ሲያጎርስ፣ አመድ ሲዝቅ፣ የግፊት መለኪያዋን ቀስት ከዓይኑ ሳይነጥል ኖረ። የሕፃናቱ ክፍል የሚሞቀው፣ አንሶላው የሚቀቀለውና የሚተኮሰው እሱ ባነደደው ነው። ሐኪሞቹ ሲመሰገኑ "ያለ እኔ እንፋሎት እስቲ ይሞክሩት!" ይል ነበር፤ በሆዱ ብቻ።

ሚስቱንም ያገኛት በቧንቧ ነው። እሷ ከግድግዳው ማዶ ልብስ ተኳሽ ነበረች። እንፋሎቱ ሲደክምባት ቧንቧውን በማንኪያ ሁለቴ ትመታለች፤ ኳ፣ ኳ። ጨምር ማለት ነው። ሲበቃት አንዴ ብቻ ትመታለች፤ ኳ። ይህን ሕግ ቁጭ ብሎ ያወጣው የለም፤ ራሱ መጣ። ሰባት ወር ፊቷን ሳያይ እንዲህ ተነጋገሩ። አንድ ቀን ታዲያ የመለኪያዋ ቀስት ደህና ቦታ ላይ እያለች ሁለቴ ተመታ። ጨመረ። እንደገና ሁለቴ። ግራ ገብቶት እጁን ጠርጎ ምን እንደሆነ ሊያይ ሄደ። ልጅት ማንኪያዋን ይዛ፣ ሌላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

"አንተ ነህ እንዴ? እኔ ደግሞ ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር እኮ!" አለችው።

ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ያቺ ልጅ ዛሬ የከተማ አውቶብስ ትነዳለች፤ አባቷንም አልፎ አልፎ እንደ አውቶብስ መንዳት ያምራታል።

አሮጌው ቤታቸው የአጎቱ ልጅ ንብረት ነው። ግማሹ ከመንገዱ በታች የወረደ፣ ያለችው አንዲት መስኮት የመንገደኛ ጫማ ብቻ የምታሳይ፣ ግድግዳው በብርድ ወራት የሚያላብ ቤት ነበር። ነበልባል ግን ይወደዋል፤ ምክንያቱም ያለ እሱ አይሞቅም። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የቆርቆሮ ምድጃዋን ያነዳል፣ ሚስቱ ስትነሳ ቤቱ ሞቆ ይጠብቃታል። ብርድ ሲገባ ደግሞ ሻማ አብርቶ የመስኮቱንና የበሩን ዙሪያ ይዞራል። የሻማው እሳት ከተዘነበለ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ጨርቅ ይወትፍበታል። በዚህ ሥራ የሚወዳደረው አልነበረም። ጎረቤቶቹ ሳይቀሩ ሻማህን ይዘህ ና ይሉት ነበር።

ሚስቱ ግን ማሳል ጀመረች። አንድ ዓመት ሳለች፣ ሁለት ዓመት ሳለች፤ በኋላ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ መቀመጥ ጀመረች። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ "ጭሱና እርጥበቱ ነው። ከዚያ ቤት ይውጡ" አላት። ልጃቸው ጊዜ አላጠፋችም። የሠራተኛ ማኅበሩ ለጡረተኞች ባሠራው አዲስ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አስፈቅዳ አባትና እናቷን ከነሻንጣቸው ጭና ወሰደቻቸው። የአጎቱ ልጅ ደግሞ ደግ ሰው ነውና "ካልተመቻችሁ ተመለሱ፤ እስከ ሁለት ወር ለሌላ ሰው አልሰጠውም" ብሎ ቁልፉን በገዛ ኪሱ አቆየለት።

እንግዲህ አዲሱ ቤት ይኸውላችሁ። ግድግዳው ክንድ ያህል የወፈረ ነው። መስኮቱ ሦስት ድርብ መስታወት አለው፤ ሲዘጋ የመንገዱ ጫጫታ እንደ ቧንቧ ውሃ ቀጥ ይላል። መግቢያው አጠገብ ግድግዳው ላይ የቤቱን ሙቀት የሚለካ፣ ሃያ አንድ የሚል ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ተለጥፏል። ምድጃ የለም፤ የጭስ መውጫ የለም፤ አመድ የለም። ነበልባል ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዱ ተነስቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሳሎኑ መሃል ይቆምና እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል።

በአራተኛው ቀን የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ፈልጎ ምድር ቤት ወረደ። ከተቆጣጣሪው ሌላ ያገኘው ብስክሌትና የውሃ ታንከር ብቻ ነው።

"ቦይለሩ የት ነው?" አለው።

"ቦይለር የለንም ጋሼ።"

"ቤቱን ታዲያ ምን ያሞቀዋል?"

"ቤቱ ራሱ ነዋ የሚሞቀው። ጉልበት ቆጣቢ ነው እኮ።"

"ራሱ?"

"ራሱ።"

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቦይለር ላነደደ ሰው እንዲህ ማለት፣ ለዳቦ ጋጋሪ ያለ ዱቄት ዳቦ ይጋገራል እንደማለት ነው። ነበልባል የሆነ ቦታ ደብቀውታል ብሎ ደመደመ። በየግድግዳው ጆሮውን እየለጠፈ አዳመጠ። ከጣሪያው በኩል በጣም ስስ፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ የምትመስል ድምፅ ትሰማለች፤ ሌላ ምንም የለም።

ሚስቱ ግን አበበች። በመጀመሪያው ሳምንት ሳሏ ቀነሰ፤ በሁለተኛው ትራሷን ሳትደራርብ ተኛች፤ በሦስተኛው ታች ካለችው ጎረቤት ቤት ደረጃውን ወርዳ ወጥታ መሃል ላይ አልተቀመጠችም። ነበልባል ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ያሞቃት እሱ ነው። አሁን ግድግዳ ያሞቃታል። በሰው ቢቀና ይነግራት ነበር፤ በቤት መቅናትን ለማን ይናገሩታል? ሳሎኑን ሲዞር፣ መስኮቱን ሲነካካ፣ ቁጥሩ ላይ ሲያፈጥ ይውላል።

"አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ በል እስቲ! አዞርከኝ እኮ" ትለዋለች።

"እቀመጣለሁ" ይላል፤ አይቀመጥም።

አንድ ጠዋት ጋደም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ግንባሩ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሽው አለበት። ነፋስ! ልቡ እንደ ወጣት ዘለለ። ቤቱ ያፈሳል! ያ ሁሉ ክንድ የሚያህል ግድግዳ፣ ያ ሁሉ መስታወት፣ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ረስተውበታል! ሚስቱ ጎረቤት እስክትወርድ ጠበቀና ሻማውን ከሻንጣው አወጣ። ወንበር ላይ ቆሞ ወደ ጣሪያው ሲያስጠጋው፣ ከአልጋው በላይ ካለች ነጭ ክብ ክዳን ሥር እሳቱ ተገፍቶ ተኛ። ኩሽና ውስጥ ሌላ ክዳን አገኘ፤ እዚያ ደግሞ እሳቱ ወደ ላይ ተሳበ። "አንዱ ብርድ ያስገባል፣ አንዱ ሙቀት ያወጣል፤ ጉድ እኮ ነው!" አለ። ምህንድስና የተማሩ ሰዎች ያላዩትን እሱ በአንዲት ሻማ አገኘው።

ክዳኖቹን ፈታ። የኩሽናውን በአሮጌ የሥራ ሱሪው እግር ወተፈው። ለመኝታ ቤቱ ሰፋ ያለ ነገር አስፈለገና ቁም ሳጥን ከፍቶ መጀመሪያ እጁ የገባውን ግራጫ የሱፍ ሹራብ አንስቶ ግጥም አድርጎ ሞላው። ክዳኖቹን መልሶ ገጠመ፣ ሻማውን አስጠጋ፤ እሳቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ላይ ካለው ቁጥር ሥር አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ነበልባል "አመሰገነችኝ" አለ። ከመጡ ወዲህ ምሳውን ጠግቦ የበላው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ሚስቱ ሹራቧን ፈለገች። ነበልባል ደነገጠ፤ የእሷ መሆኑን ልብ ሳይለው ነው የወተፈው። መውጫው ግን ቀላል መሰለው።

"ዕቃ ስናጓጉዝ ጠፍቶ ይሆናል" አለ።

"እንዴት ይጠፋል? ትናንት ወዲያ ለብሼው አልነበር?"

"እንጃ።"

ዋሸ። ከቧንቧው ዘመን ጀምሮ ዋሽቷት አያውቅም ነበር። ሹራቡም የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ መስኮቶቹ በውስጥ በኩል ማላብ ጀመሩ። የትናንቱ ወጥ ሽታ ዛሬም ቤቱ ውስጥ ነው። የአልጋው ራስጌ ጥግ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ታየ። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ በኋላ ቀኑን ሙሉ። ነበልባል ነገሩ ዞረበት። ቀዳዳውን ደፍኗል፤ ብርድ አይገባም፤ ቤቱ እንደ ድሮው የሚሞቅ ነው፤ ታዲያ ለምን ባሰባት? አሰበ፣ አሰበና ጥፋተኛውን አገኘው።

"ቤቱ ነው!" አለ። "እሳት የሌለው ሙቀት የት አለ? ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሙቀት ደረት ይበላል። አሮጌው ቤት ይሻለን ነበር።"

ሚስቱ ሳሏ እስኪያልፍላት ጠበቀችና "እዚያ ቤት ከተመለስኩ ቆሜ አልወጣም" አለችው። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ ለዚያ ነው የከበደው።

እሱ ግን ለእሷው ብሎ ነው፤ ቢያንስ እንዲያ ይመስለዋል። ለአጎቱ ልጅ ደውሎ "ዓርብ እንመለሳለን፤ ቁልፉን ለሰው እንዳትሰጥ" አለው። ልጃቸው ይህን ስትሰማ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መጣች።

"አባዬ፣ እናቴን ወደዚያ ጉድጓድ አትመልሳትም! እስከ ዓርብ እኔ ጋ ትቆያለች። ሐሙስ የሕንፃው የአየር ባለሙያ ይመጣል፤ ቤቱን ይየው። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

"ምን ያያል? የማይታይ ነገር?"

"አባዬ!"

እናቷን ደግፋ ወሰደቻት። ሚስቱ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችው።

ነበልባል ብቻውን ቀረ። ሰኞ ማታ ቁጥሩ ሃያ አንድ ነበር። ማክሰኞም ሃያ አንድ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሃያ ሆነ።

ዓይኑን አሸት አድርጎ እንደገና አየ። ሃያ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ በሩ ዝግ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ተወትፈዋል። ሻማውን አብርቶ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ዞረ፤ እሳቱ የትም አልተዘነበለም። ሙቀቱ ግን ወጥቷል። በየት ወጣ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት እሳት ያነደደ ሰው እዚያ ሳሎን መሃል ሻማውን እንደያዘ ምንም እንደማያውቅ ገባው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ሄዶ ቁጭ ሲልም የእሷ ትራስ ቀዝቅዞ አገኘው። እንባው መጣ። ለምን እንደመጣ እንኳ በቅጡ አላወቀውም።

የአየር ባለሙያዋ ሐሙስ ጠዋት መሰላል ተሸክማ መጣች። ጎልማሳ፣ ጸጉሯን ያሳጠረች፣ ብዙ የማትስቅ ሴት ናት። ገና ከመግባቷ ቢጫዋን መብራት አየቻት።

"ይቺ ከበራች ስንት ጊዜ ሆናት ጋሼ?"

"እ... ሁለት ሳምንት ይሆናታል። ምነው፣ ጥሩ አይደለችም?"

መኝታ ቤት ገብታ መሰላሏን ዘረጋች፤ ክዳኑን ፈታች። ከዚያ ሁለት ጣቷን ሰድዳ አንድ ግራጫ እጅጌ ያዘችና ሳበች። እጅጌው መጣ። ደረቱ መጣ። ሌላው እጅጌ መጣ። ነበልባል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሹራብ ነው።"

"ሹራብ መሆኑንማ አየሁ።"

ሹራቡ ረጥቧል፤ ይሸታል። ባለሙያዋ የኩሽናውንም ሱሪ አወጣችና ሁለቱን ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ፊቱን ስታየው አዘነችለት መሰል፣ መሰላሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ጋሼ፣ ይሄ ቀዳዳ አይደለም። የቤቱ መተንፈሻ ነው። አንዱ የታፈነውንና እርጥቡን አየር ያወጣል፤ አንዱ ንጹሑን ያስገባል። በባዶ እጃቸው አይተላለፉም፤ የሚወጣው ሙቀቱን ለሚገባው አስረክቦ ነው የሚሄደው። ኮትዎን አውልቀው በር ላይ ለሚገባ ሰው ሲያለብሱት ማለት ነው።"

"እኔ ደግሞ ደፈንኩት።"

"ደፈኑት። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ መስኮቱ ላይ ወጣ፣ ግድግዳው ላይ ወጣ። ያንን ጥግ ይዩት፤ ሻጋታ ጀምሯል።"

"ባለቤቴን... እሷን ያሳላት ታዲያ..."

"እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ደረቱን የሚያመው ሰው እዚህ ሥር ሲተኛ አይበጀውም።"

ነበልባል አፉን ያዘ። ከጭስ ያወጧትን ሴት መልሶ ያፈናት እሱ ነው፤ በገዛ ሹራቧ። ነገ ደግሞ ቤቱን ጥፋተኛ አድርጎ ወደዚያ ጉድጓድ ሊመልሳት ነበር። ድምፁ ሲወጣ ከወትሮውም ያነሰ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁሉም ተደፍኖ እያለ ከሃያ አንድ ወደ ሃያ የወረደው ለምንድን ነው? በየት ወጣ?"

"ስንት ሰው ነው እዚህ የሚኖረው?"

"ሁለት። ከእሑድ ወዲህ አንድ።"

"እሱ ነዋ" አለች መሰላሏን እያጠፈች። "ይሄ ቤት ያገኘውን አያባክንም፤ ስለዚህ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። በመስኮት የምትገባው ፀሐይ፣ ምግብ ስታበስሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ገላ። በጣም ሲበርድ ብቻ አንዲት ትንሽ ማሞቂያ ታግዛለች። ሰው ሲጎድል ቁጥሩ ላይ ይታወቃል። ባለቤትዎ ናቸው የጎደሉት።"

"ቦይለሩ..."

"ቦይለሩ እናንተው ናችሁ ጋሼ" አለችና መሰላሏን ተሸክማ ወጣች።

ነበልባል ለረጅም ጊዜ ቁጥሩ ፊት ቆመ። ከዚያ ስልኩን አነሳ። መጀመሪያ ለአጎቱ ልጅ ደውሎ "ቁልፉን ለሚፈልገው ስጥ" አለው። ቀጥሎ ሚስቱ ጋ ደወለ። "ሃሎ" አለች። ሊናገር አፉን ከፈተ። እንዴት ብሎ ይጀምራል? ዞር ዞር ሲል ጠረጴዛው ላይ ማንኪያ አየ። አነሳውና ከስልኩ አጠገብ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሁለቴ መታ። ኳ፣ ኳ።

ከወዲያ በኩል በቀስታ፣

"ምነው፣ በረደህ?" አለችው።

"ሹራብሽ ተገኘ።"

"የት?"

"ጣሪያ ውስጥ።"

"ጣሪያ ውስጥ ምን ሊሠራ?"

"እኔ ወትፌው። ነፋስ መስሎኝ። ያሳለሽ ቤቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ጠፋ ያልኩሽም ውሸቴን ነው።"

ነበልባል የሚመጣበትን ሁሉ ለመቀበል ትከሻውን ሰበሰበ። የመጣው ሳቅ ነበር። ሳቀች፣ ሳሉ መጣባት፣ ሳለች፣ እንደገና ሳቀች። ሲበርድላት ድምጿ ሌላ ሆነ።

"ያፈንከው ደረቴን ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ።"

"አውቃለሁ።"

"ሁለተኛ አትዋሸኝ።"

"ሁለተኛ አልዋሽሽም።"

"ነገ እመጣለሁ። ሹራቡን እጠበው።"

ዓርብ፣ ወደ አሮጌው ቤት ሊመለሱ በነበረበት ቀን፣ ልጃቸው እናቷን አውቶብሷ ላይ አሳፍራ በራፋቸው ድረስ አመጣቻት። ሹራቡ ታጥቦ ተሰቅሏል። ሻጋታው ተፍቋል። ከጣሪያው ያቺ የተኛ ሰው ትንፋሽ የምትመስል ድምፅ ተመልሳለች። ሚስቱ ካፖርቷን አውልቃ፣ ግድግዳው አጠገብ ባለው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ነበልባል ቁጥሩ ፊት ተገትሯል።

"ደግሞ ምን ታፈጥበታለህ?"

ባለሙያዋ ያለችውን ቃል በቃል ነገራት። ሚስቱ ወደ ቁጥሩ አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ ሃያ ይላል። እያወሩ፣ ዝም እያሉ፣ እየበሉ ቆዩ፤ እሱ በየመሃሉ እየተነሳ ያያል። ፀሐይዋ ወደ ሳሎኑ ገብታ ወለሉ ላይ ከተዘረጋች በኋላ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ፣ ቁጥሩ ሃያ አንድ ሆነ።

ሚስቱም አይታው ነበር። እጇን ዘርግታ በጣቷ አንጓ ግድግዳውን አንዴ መታች፤ ኳ።

ነበልባል ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።